ካልሠራልህ ጥፋቱ ያንተ ነው

ጠንቋይ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። «ጥቁር ዶሮ ይዘህ ና፣ አንዲት ነጭ ላባ የሌለባት» ይባላል ሰውዬው። ሦስት ገበያ ዞሮ፣ ያለችውን ሳንቲም ለቃቅሞ ዶሮዋን ያመጣል። ትታረዳለች፣ ደሟ ይፈስሳል፣ የታመመው ልጅ ግን አልተሻለውም። ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ ጠንቋዩ መልስ አይቸግረውም፤ «ክንፏን ገልጠህ አይተሃል?» ይለዋል። ክንፏን ገልጦ ማን ያያል! የሆነች ነጣ ያለች ላባ ደግሞ መቼም አትጠፋም። እናም ጥፋቱ የጠንቋዩም የዛሩም አይሆንም፤ ያጎደለው ባለ ዶሮው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዶሮ ይዞ ይመጣል፣ ይቅርታም ይጠይቃል።

በዚህ ታሪክ የማይስቅ የከተማ ልጅ የለም። ያው ልጅ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሸሚዙን ተኩሶ የሆቴል አዳራሽ ይገባል፤ መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ «ለውጥ ያላያችሁ ከልባችሁ ስላላመናችሁ ነው» ሲል ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ዶሮዋ ስሟን ቀይራ «ማይንድሴት» ተባለች እንጂ ያው ናት።

ጠዋት ተነስቶ መስታወት ፊት «ዛሬ ይሳካል» ከሚል ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ተስፋ ማንንም ገድሎ አያውቅም። ጠቤ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው፦ «ካልሠራልህ ጥፋቱ ያንተ ነው»። የሰው ልጅ ከፈጠራቸው የሽያጭ ዘዴዎች ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ጫማ ሻጭ እንዲህ ማለት አይችልም። ጫማው በሳምንቱ ቢገነጠልና ሻጩ «በእርግጠኝነት ስላልተራመድክበት ነው» ቢልህ፣ ጫማውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ወርውረህለት ገንዘቤን መልስ ትለዋለህ። የስኬት ነጋዴው ግን ይህንኑ ይልሃል፣ አንተም አንገትህን ደፍተህ ትሰማዋለህ። ዕቃው ብልሹ መሆኑን የምታይበትን ዓይን ገና ስትገባ በር ላይ ተቀብሎሃልና።

አዳራሾቹን የምታውቁ ታውቃላችሁ። መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሙዚቃው ደረት ይመታል። «ሰላም ቤተሰብ!» ይባላል፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት የማይተዋወቅ ሰው በአንዴ ቤተሰብ ይሆናል። «ጎንህ ላለው ሰው 'አንተ ትችላለህ' በለው!» ትላለህ፣ ይልሃል። እኔም አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ጎትቶኝ ገብቻለሁ። ብዙው ነገር ተረስቶኛል፤ አንዲት ልጅ ግን አልተረሳችኝም። ጥያቄ ያለው ሲባል እጇን አወጣችና ሁለተኛውን ደረጃ ከጨረሰች ወራት እንዳለፏት፣ ሥራ ግን እስካሁን እንዳላገኘች ተናገረች። ድምጿ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ምናልባት የቀራት ነገር ካለ እንዲነግራት ነበር የፈለገችው። ተናጋሪው ፈገግ ብሎ «'አላገኘሁም' የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትናገሪው?» አላት። አዳራሹ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና ተቀመጠች። ሰውዬው ቀጥሎ ስለ ሦስተኛው ደረጃ ምዝገባ ማውራት ጀመረ።

አንዲት ወጣት ሴት እውነተኛ ማስረጃ ይዛ ቆመች፤ ገንዘብ ከፍላ፣ የተባለችውን ሁሉ አድርጋ፣ ውጤት እንዳላገኘች የሚያሳይ ማስረጃ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ማስረጃዋ የራሷ በሽታ ሆኖ ተመለሰላት። ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል ውስጥ ማን እጁን ያወጣል?

ይህ አሠራር እዚህ አልተፈለሰፈም። የደረጃ ክፍያው፣ የጭብጨባው ሥርዓት፣ ለቅሶና እቅፉ፣ ብዙው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ የዘር ሐረጉም ይታወቃል። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1971 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቨርነር ኤርሃርድ የሚባል ሰው «ኢስት» የተባለ ሥልጠና ከፈተ። ሰውዬው ሲወለድ የወጣለት ስም ጆን ፖል ሮዘንበርግ ነው፤ መኪናና ኢንሳይክሎፒዲያ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ። በ1960 ሚስቱንና አራት ልጆቹን ጥሎ ሲጠፋ አዲሱን ስሙን ከመጽሔት ላይ ለቀመ፤ ግማሹን ከጀርመኑ ፖለቲከኛ ከሉድቪግ ኤርሃርድ፣ ግማሹን ከፊዚክስ ሊቁ ከቨርነር ሃይዘንበርግ። (ኳንተም ፊዚክስ ወደዚህ ንግድ የገባችው በስም ስርቆት ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ።)

የኢስት ሥልጠና ሁለት ቅዳሜና እሁድ፣ በድምሩ 60 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለት መቶ ምናምን ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ይዘጋበታል፤ ሰዓት ማሰር የለም፣ ሽንት ቤት እንኳ በተፈቀደ ሰዓት ነው። አሠልጣኙ መጀመሪያ ይሳደባል፣ ያዋርዳል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ ሰው ደክሞትና ርቦት ልቡ ሲላላ፣ አንዱ ተነስቶ የልጅነት ቁስሉን እየዘረገፈ ያለቅሳል፤ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። የትምህርቱ እምብርት ደግሞ ይህ ነበር፦ በሕይወትህ ለደረሰብህ ነገር ሁሉ ተጠያቂው አንተው ነህ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ይህንን ተምረዋል። ዛሬ ተናጋሪ ሁሉ ጥቅስ አድርጎ የሚለጥፈው «ሙሉ ኃላፊነት ውሰድ» የሚል ስብከት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ኃላፊነት መውሰድ መልካም ነገር ነው፤ ማንም አይክድም። ችግሩ «ሁሉ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በ2006 የወጣው «ዘ ሲክሬት» የተባለው ፊልምና መጽሐፍ ያችን «ሁሉ» ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። የሚለው ይኸው ነው፦ ሐሳብህ እንደ ማግኔት ነው፣ ያሰብከውን ትስባለህ፤ ሀብትን ካሰብክ ሀብት፣ ዕዳን ካሰብክ ዕዳ። ክብደት የሚጨምረው በምግብ ሳይሆን በሐሳብ ነው። ብዙ ሕዝብ በአንዴ ስላለቀባቸው አደጋዎች ሲጠየቅ መጽሐፉ እዚያም አያፍርም፤ የሟቾቹ ሐሳብ ከአደጋው ጋር በአንድ ሞገድ ላይ ነበር ይላል። እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ወደ ሀገራችን ታሪክ ግቡ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቆማችሁ በሉት።

በዚያ ፊልም ላይ ከቀረቡት «መምህራን» አንዱ ጄምስ አርተር ሬይ ነበር። ስለ እሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ያች ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻዋ ስትሄድ የት እንደምታደርስ የእሱን ያህል የሚያሳይ የለም።

ጥቅምት 2009፣ አሪዞና፣ ሴዶና ከተማ አጠገብ። ሬይ «መንፈሳዊ ተዋጊ» ብሎ በሰየመው የአምስት ቀን ሥልጠና ላይ ለመገኘት እያንዳንዱ ሰው ወደ 10,000 ዶላር ገደማ ከፍሏል። ብዙዎቹ የተማሩ፣ ሥራና ቤተሰብ ያላቸው፣ ከዚያ በፊትም የሬይን ሌሎች ሥልጠናዎች የወሰዱ ነበሩ። ፀጉራቸውን እንዲላጩ ተጠየቁ፤ አብዛኞቹ ተላጩ። ከዚያ ያለ ምግብና ያለ ውሃ 36 ሰዓት በረሃ ውስጥ ለብቻቸው አሳለፉ። ሲመለሱ ቁርስ በሉና የመጨረሻው ፈተና ተነገራቸው፦ የላብ ድንኳን። የቀደምት አሜሪካውያን መንፈሳዊ ሥርዓት ነው፤ የእኛን ወሸባ ያስታውሳል። ዝቅ ያለ፣ በጨርቅና በሸራ የተሸፈነ ጨለማ ቤት ውስጥ የጋሉ ድንጋዮች ይገባሉ፣ ውሃ ይፈስስባቸዋል፣ እንፋሎቱ ያፍናል። ከ50 በላይ ሰው አንድ ላይ ገባ። ሬይ መግቢያው አጠገብ ተቀምጦ በየዙሩ አዲስ ድንጋይ ያስገባ ነበር፤ እንደምትሞቱ ይሰማችኋል፣ ግን አትሞቱም ብሏቸዋል።

ሁለት ሰዓት ገደማ ቆዩ። ሰው ያስመልሰዋል፣ ይቃዣል፣ ራሱን ይስታል። አንዳንዶች ጎናቸው ያለው ሰው እንግዳ ድምፅ እያወጣ ሲተነፍስ ሰምተው ዝም አሉ፤ ይህንን በኋላ ፍርድ ቤት ቆመው መስክረዋል። ለምን ዝም አሉ? ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ለቀናት፣ ለአንዳንዶቹም ለዓመታት፣ ሰውነትህ «በቃኝ» ሲልህ የሚናገረው ድክመትህ ነው፣ ከዚያ በላይ ነህ ሲባሉ ኖረዋል። ሙቀቱ ገዳይ መሆኑን የሚነግራቸው ብቸኛ መሣሪያ ሰውነታቸው ነበር፤ እሱን ደግሞ እንዳያምኑት ተምረዋል። የሁለት ሰዎች ሞት በዚያው ቀን ተረጋገጠ፤ ሦስተኛዋ ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች።

የሚቀጥለውን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነስቼ ነበር። ከአደጋው በኋላ የሥልጠናው ተሳታፊዎች በስልክ ስብሰባ ሲያደርጉ፣ ከሙታን ጋር እነጋገራለሁ የሚል ሰው ያስተላለፈው «መልእክት» እንደተነገራቸው ተዘግቧል፦ ሟቾቹ ከሥጋቸው ሲወጡ በጣም ስለተደሰቱ ላለመመለስ ራሳቸው መረጡ። አያችሁ? ሞትም አልበቃም። ሬሳ ወጥቶም ሥልጠናው አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ሠርቷል። ይህን ሊያሸንፍ የሚችል ምን ማስረጃ አለ? የለም። የውሸት ሳይንስ የሚባለው ነገር መለያው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ጋውን አለመልበሱ ወይም ላብራቶሪ አለመኖሩ ቁም ነገር አይደለም። እውነተኛ ሳይንስ «ይህ ከሆነ ተሳስቻለሁ» ብሎ ራሱ በር ይከፍታል። ይሄኛው ግን በሩን ሁሉ ከውስጥ ቀርቅሮ ቁልፉን ውጧል።

ታዲያ የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? «ሞኞች ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቀናል፤ ስህተት ነው። በ1959 ኤሊዮት አሮንሰንና ጀድሰን ሚልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ ሠርተው ነበር። ሴት ተማሪዎች አንድ የውይይት ቡድን ውስጥ ይገባሉ፤ ከፊሎቹ ለመግባት እፍረት የሚያስይዙ ነገሮችን ጮክ ብለው ማንበብ ነበረባቸው፣ ሌሎቹ ቀለል ያለ ወይም ምንም። ከዚያ ሁሉም ሆን ተብሎ አሰልቺ የተደረገ የተቀዳ ውይይት ሰሙ። ውይይቱን የወደዱት እነማን ሆኑ? አሳፋሪውን ያነበቡት። የከፈልነው ዋጋ በከፋ ቁጥር «ለከንቱ ነበር» ማለት ያማል፤ ስለዚህ ነገሩን ከፍ አድርገን መውደድ ይቀልለናል። የተላጨው ፀጉር፣ የበረሃው ጥም፣ አሥር ሺው ዶላር፣ እያንዳንዳቸው ሰውዬውን አጥብቀው የሚያስሩ ገመዶች ነበሩ። የእኛም ልጅ ከወንድሟ ተበድራ ደረጃ ሁለት ስትከፍል የምትገዛው ሥልጠናውን ብቻ አይደለም፤ ሥልጠናውን ለመከላከል የሚያስገድዳትንም ምክንያት ጭምር ነው።

«ግን ስለ እኔ በትክክል ነገረኝ!» የሚልም አለ። በርትራም ፎረር በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጠና ለእያንዳንዳቸው «የግል» ውጤት አደላቸው። ትክክለኛነቱን ከአምስት እንዲመዝኑት ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። የሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹን ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው የለቀማቸው። «ከውጭ ጠንካራ ትመስላለህ፣ ከውስጥህ ግን የምትጨነቅባቸው ነገሮች አሉ» ሲልህ ዕንባህ የሚመጣው አንተን ስላወቀህ አይደለም ወዳጄ፤ ታክሲ ውስጥ ለተቀመጠው ለማንኛውም ሰው ቢለው ይሠራል።

ወደ «ሳይንሱ» ልግባ፤ መድረክ ላይ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ሲባል የማይሰማ ሰው የለምና። ግባቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩ 3 በመቶ የዬል ዩኒቨርሲቲ የ1953 ተመራቂዎች ከቀሩት 97 በመቶ ሁሉ የበለጠ ሀብት አፈሩ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ ሃርቫርድ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ተደርጎ አያውቅም። «ልማድ በ21 ቀን ይገነባል» የምትለዋ ደግሞ ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም የመጣች ናት፤ በ1960 መጽሐፉ ሕመምተኞቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ፣ «ቢያንስ»ና «ገደማ» መንገድ ላይ ወደቁ። ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ በእውነት ሲለካ አማካዩ 66 ቀን ሆነ፣ እንደ ሰውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን። በ21ኛው ቀን ያልተሳካላት ልጅ ታዲያ ምን ትላለች? «ዲሲፕሊን የለኝም» ነዋ። የተሳሳተው ቁጥሩ ነበር፤ የተከሰሰችው እሷ ናት።

በጣም የሚያስቀኝ ግን ይሄ ነው፦ የምናብ ነገር ተሞክሯል። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው የጨረሱትን ተመራማሪዎች ላብራቶሪ አስገብተው አረጋገጡት። ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከፊል ተማሪዎች ፈተና ላይ ከፍተኛ ውጤት ሲያገኙ፣ ደስታው ሲሰማቸው በየቀኑ እንዲያልሙ አደረጉ፤ ሌሎቹ ግን ቁጭ ብለው ሲያጠኑ እንዲያልሙ። ውጤቱን ያለሙት ጥቂት ሰዓት አጥንተው ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ጋብሪየል ኦቲንገን ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ ሴቶችን ተከታትላ በ1991 ያሳተመችውም እንዲሁ ነው፤ ቀጭን ሆነው ስለ ራሳቸው ጣፋጭ ምናብ ያበዙት ትንሽ ቀነሱ። «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ መደጋገምስ? በ2009 የጆአን ውድና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸውን ትንሽ ደስ አሰኛቸው፤ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸውን ግን አባሰባቸው። መድኃኒቱ የሚያምመው በጣም የሚፈልጉትን ነው ማለት ነው። እነሱ ደግሞ አዳራሹን የሚሞሉት ናቸው።

እዚህ ላይ «ገንዘብ ነው እንጂ ሌላ ምን ወሰዱ?» የሚል ካለ ኔክሲየምን ይመልከት። ኪት ራኒየሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፒራሚድ ንግድ ነው ተብሎ በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የተመረመረና የተዘጋ ድርጅት ነበረው። በ1998 ከአንዲት ነርስ ጋር ሆኖ ለሥራ ሰዎች የ«ስኬት» ሥልጠና ጀመረ። ሸቀጡ ተቀየረ፣ መሰላሉ አልተቀየረም፤ ደረጃህ ከፍ ሲል የአንገት ልብስህ ቀለም ይቀየራል፣ ከፍ ለማለት ደግሞ ሌላ ሰው ታመጣለህ። ተማሪዎቹ በየጊዜው ከሚደግሟቸው መርሆች አንዱ በመጨረሻው ትንታኔ ተጠቂ የሚባል ሰው የለም፣ እኔም ተጠቂ ላለመሆን እመርጣለሁ የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ይህን ቃል በየቀኑ የሚደግም ሰው በደል ሲደርስበት በምን ቋንቋ ይናገራል? በኋላ በድርጅቱ ውስጥ በተቋቋመ ምስጢራዊ የሴቶች ቡድን ሴቶቹ «መያዣ» አስረከቡ። ባንክ ቤት የምናውቃት መያዣ ናት፤ እነሱ ግን ያስያዙት የራቁት ፎቶግራፋቸውንና ቤተሰባቸውን የሚያዋርድ ምስጢር ነው። ከዚያ ገላቸው ላይ በጋለ መሣሪያ ምልክት ተተኮሰባቸው። ራኒየሪ በ2019 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2020 የ120 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ማንም ሴት የመጀመሪያ ቀን «ልትተኮሺ ነው» ተብላ አልገባችም። የገባችው ለአምስት ቀን የራስ መተማመን ኮርስ ነው።

የእኛ አዳራሾች ሁሉ ኔክሲየም ናቸው እያልኩ አይደለም። መሰላሉ ግን ይመሳሰላል፣ ጎረቤቱም አንድ ነው። አነቃቂ ንግግሩ ሲያልቅ በር ላይ የሚጠብቅህ «የኔትወርክ ሥራ» ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ (ቁጥር 813/2006 ዓ.ም.) የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል፤ ስለዚህ ስሙ በየጊዜው ይቀያየራል። ይህ ንግድ እዚህ ሀገር ለም አፈር ያገኘው ስግብግብ ስለሆንን አይመስለኝም። እንተማመናለን። ዕቁባችን፣ ዕድራችን፣ የዶርም ጓደኝነታችን በቃል የቆመ ነው፤ ማንም ውል አይጠይቅም። «ከሥርህ አምስት ሰው አስገባ» ስትባል የምታስገባው የአክስትህን ልጅ ነው። ነገሩ ሲፈርስ ከላይ ያለው ሰውዬ ስልኩን ይቀይራል፤ የአክስትህን ልጅ ግን በእያንዳንዱ ለቅሶ ቤት ታገኘዋለህ። እና ያኔም ምን ተብለህ ነው የምትሸኘው? «ስላልጣርክ ነው። አሸናፊዎች አያቋርጡም።»

በዚህ ጽሑፍ ላይ ከሚነሱ ተቃውሞዎች ሁለቱን አከብራለሁ። አንዱ «እኔ ተጠቅሜአለሁ» የሚለው ነው። አምንሃለሁ። ለዓመታት ማንም «እንዴት ነህ?» ብሎ ያልሰማው ሰው ሁለት መቶ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብለት ደስ ይለዋል፣ ለሳምንት በጉልበት ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴ ያ ሳምንት ለለውጥ ይበቃል። ነገር ግን መድረክ ላይ ማይክ የሚሰጠው ለተሳካለት ብቻ ነው። ያልተሳካላቸው ቤታቸው ናቸው፣ አፍረው። አንተ የምታየው የተረፉትን ነው። ራስ አገዝ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴም አይደለም፤ የዴቪድ በርንስ የ1980 መጽሐፍ ድብርት ባለባቸው ሰዎች ላይ በእውነተኛ ጥናት ተፈትሾ የጠቀማቸው እንዳሉ ታይቷል። ልዩነቱ ቀላል ነው። ያ መጽሐፍ ሊወድቅ በሚችልበት ፈተና ተቀመጠ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ታዲያ ወጣቱ መንግሥትን እያማረረ ይቀመጥ?» ነው። ይሄ ይበልጥ ያናድደኛል፣ የአስተሳሰቡ ፖለቲካ የተደበቀው እዚህ ነውና። ለአንድ የሥራ ቦታ ሁለት መቶ ሰው ተሰለፈ እንበል። ሁለት መቶውም «ዘ ሲክሬት»ን በቃላቸው ቢያነበንቡ፣ ሁለት መቶውም ከልባቸው ቢያምኑ፣ የሚቀጠረው አንድ ሰው ነው። ሂሳብ በእምነት አይቀየርም። የቀሩት 199 ግን ወደ ቤት የሚሄዱት ሁለት ነገር ተሸክመው ነው፤ ሥራ ማጣትንና ሥራ ያጡት በገዛ አስተሳሰባቸው መሆኑን። የመጀመሪያው በቂ ሸክም ነበር። የቤት ኪራይ የሚያንረው፣ ቅጥሩን በዘመድ የሚጨርሰው፣ በጀቱን የሚያዛባው ሰውዬ ግን ያን ቀን እንቅልፉን ጥሩ አድርጎ ይተኛል። ወጣቱ ሁሉ ተሰብስቦ የሚወቅሰው መስታወቱን ነው። አንድ ክፉ አለቃ ሠራተኞቹን «የአስተሳሰብ ለውጥ» ሥልጠና ለምን እንደሚልክ የማይገባው ካለ እዚህ ጋ ይገባው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጓደኛህ ከጎተተህ ሂድ፤ ቡናቸውን ጠጣ። እጅህን አውጣና አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ «ምን ባይ ነው ይህ ሥልጠና አይሠራም ማለት የምችለው? በስንት ወር? ያን ጊዜ ገንዘቤን ትመልሳላችሁ? በጽሑፍ ስጡኝ።» የሒሳብ አስጠኚ መልስ አለው። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መልስ አለው። እዚያ ግን ምናልባት «አሉታዊ ኃይል ይዘህ መጣህ» ትባል ይሆናል፣ ጓደኛህም አንገቱን ይደፋል። ከዚያ በኋላ የምትከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕግ ይደርስልናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ራኒየሪን ለመያዝ ከሃያ ዓመት የማያንስ ጊዜ ፈጅቷል፤ የታሰረውም «ተጠቂ የለም» ብሎ በማስተማሩ አይደለም፣ ያን ማስተማር ወንጀል አይደለምና። የሬይም ዳኞች በ2011 በቸልተኝነት ሦስት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብለው ፈረዱበት፤ ቅጣቱ ሁለት ዓመት ነበር፣ እሱንም ሙሉ አልታሰረም። በ2013 ከእስር ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ የሚሰማውም ሰው አላጣም።